ጉዳዩ፦ የላይ አምባ ውሃ ከፋች

ባለፈው ወር እትዬ ሉባባ ከድሮው ሰፈራችን ከስፕሪንግ ቫሊ ለቅቃ ዋተር ስትሪት አጠገብ ወዳለ ቤት ስትዛወር ዕቃ ላግዛት ሄድኩ። በሆዴ ተስቤ አልጋ ስር ገባሁና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጣሁ። ክዳኑን ስከፍተው የቲተር ቀለም ሸተተኝ። ቲተር የማያውቅ ካለ፣ ቢሮ ያለው ሰው ከፊርማው ስር ስሙንና ማዕረጉን የሚመታበት ትንሽ የላስቲክ ማህተም ነው። ቀለሙ ሐምራዊ ነው፤ ሽታው ቤንዚንም ሽሮፕም ይመስላል። ቆርቆሮው የአባቷ የአባባ ሰይድ ነበር። እሳቸው ካለፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እኔ ግን ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሆነ፤ አባባ ሰይድም ከደረጃው ስር ከፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ «ነይ አንቺ ጸሐፊ፣ ደብዳቤያችን የት ደረሰ?» አሉኝ።

ካዚኖዎቹ በወረርሽኙ ተዘግተው በተከፈቱበት ዓመት እኛ ፎቅ ላይ፣ እነ እትዬ ሉባባ ከእኛ ስር ነበርን። እማዬና እትዬ ሉባባ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፉ ነበሩ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ከሥራ ተሰናበቱ። እትዬ ሉባባን በበጋ ጠሯት፤ እማዬን አልጠሯትም። እማዬ በየጠዋቱ ወደ ሆቴሉ ትደውላለች። ሽንኩርት እየከተፈች ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ «የቀድሞ ሠራተኛ ነኝ» ትላለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ሙዚቃ ይከፍቱላታል። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ተቁላልቶ፣ ወጡ ወጥቶ ሙዚቃው አያልቅም። እኔም ከዚህ የራሴን ትምህርት ወሰድኩ፤ ሰው አንዴ «የቀድሞ» ከተባለ የሚመለስለት ሙዚቃ ብቻ ነው ብዬ።

ከትምህርት ቤት የተማርኩት ግን ብዙም አልነበረም። ትምህርቱ በላፕቶፕ ነበር። ስሜን አስገብቼ፣ ካሜራውን አጥፍቼ፣ ከታናሽ ወንድሜ ከኢምራን ጋር ካርቱን አያለሁ። በጣም ብልህ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ጥቅምት ላይ አስተማሪዬ ሚስ ኬሊ ለእማዬ ደወለች። ትልቁን የዓመቱን ፕሮጀክት በጥሩ ሁኔታ ካልሠራሁ ስድስተኛ ክፍልን እደግማለሁ። እማዬ ስልኩን ዘጋችና ማማሰያውን ይዛ ዞር አለች።

«ወላሂ ሐያት፣ ኢምራን ደርሶብሽ አንድ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ነው የማየው» አለችኝ። ኢምራን ያኔ አራት ዓመቱ ነው፤ እኔ ግን በደንብ ፈራሁ።

ፕሮጀክቱ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ በዓለም ላይ ያለ አንድ ትንሽ ቦታ በዕጣ ይደርሰዋል። ስለ ቦታውና ስለ ታዋቂ ሰዎቹ ይጽፋል። ከዚያ ዋናው ነገር፣ እዚያ ከሚኖር ሰው ለአንድ ጥያቄ መልስ አግኝቶ ያመጣል። መልስ ያላመጣ አያልፍም። ለእኔ የደረሰኝ ሊክተንስታይን የምትባል የአልፕስ ተራሮች አገር ነበረች። ሕዝቧ ጠቅላላ የስፕሪንግ ቫሊን አያህልም፤ በውስጧ ደግሞ ተራራ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሚጢጢ ማዘጋጃ ቤት ደረሰኝ። ስሙ ጀርመንኛ ነው፤ አፌ ላይ አልቀመጥ አለ።

«ማዘጋጃ ቤት» የሚለውን ቃል እማዬ ስትሰማ «በይ ወደ አባባ ሰይድ ሂጂ፣ ባለሙያው ከስራችን ቁጭ ብሎልሻል» አለችኝ። እውነቷን ነው። አባባ ሰይድ ወሎ ውስጥ፣ ከሐይቅ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እዚህ ግን ሥራቸው የታጠረውን መዋኛ ገንዳ መጠበቅ ይመስል ነበር። በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ እሳቸው ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ውሃውን ያያሉ። እኔ ርቀት ለመጠበቅ ደረጃው ላይ፣ አራተኛው እርከን ላይ ተቀመጥኩ። የቦታውን ፎቶ በስልክ አሳየኋቸው፤ ገደል ላይ የተሰቀሉ ቤቶች፣ አረንጓዴ መስክ፣ ከላይ በረዶ።

«ይሄማ ላይ አምባ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ላይ አምባ ሆነ።

«ታዋቂዎቹን አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። የበረዶ ሸርታቴ ተወዳዳሪ አለ፣ ሰዓሊ አለ፣ ቄስ አለ፣ ፖለቲከኞች አሉ። ከስምንቱ የአምስቱ ሁለተኛ ስም አንድ ነው። አባባ ሰይድ ጣታቸውን አነሱ።

«ቆይ። የአምስቱም አባት አንድ ነው?»

«መሰለኝ» አልኩ። እኔ ሐያት ከማል ነኝ፣ ከማል አባቴ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ማሻአላህ! አንድ ሰው አምስት ወልዶ አምስቱንም ለወግ ለማዕረግ አበቃ!» አሉና ለማያውቁት ሰውዬ በሁለት እጃቸው ዱዓ አደረጉለት። ችግሩ የመጣው የልደት ዓመታቸውን ስናይ ነው። የመጀመሪያው የተወለደው ሰው በፈረስ ጋሪ በሚሄድበት ዘመን ነው፤ የመጨረሻዋ እማዬን ታክላለች። አባባ ሰይድ በጣታቸው ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ።

«ሰውየው ከመቶ ዓመት በላይ ሲወልድ ኖሯል» አሉ።

«ይሆናል እንዴ አባባ?»

«የተራራ አየር ነዋ! የምንጭ ውሃ ነዋ!» አሉ። ቀጥሎ ፊታቸው ተለወጠ፤ የቢሮ ፊት ሆነ። «ውሃውን ግን ማን ነው የሚከፍትላቸው?»

«ምን አሉኝ?»

«ሸርታቴውን ነገርሽኝ፣ ሰዓሊውን ነገርሽኝ። ውሃ ከፋቹስ? እኛ ከተማ ሲነጋ ሰው ከንቲባውን አይፈልግም። ቧንቧው ጋ በጄሪካን ተሰልፎ የሚጠብቀው ውሃ ከፋቹን ነው። እሱ ሲታመም ቁልፉ እኔ ጋ ያድር ነበር፤ በጨለማ ሄጄ የከፈትኩበት ቀን አለ። ይሄ ዝርዝር ጎዶሎ ነው።»

ጥያቄያችን ተገኘ። እኔ ስልኬን አወጣሁ። «ኢሜይል ላድርግላቸው?»

አባባ ሰይድ በምራቅ ደብዳቤ ላሽግ ያልኩ ያህል አዩኝ። «ቢሮ ለቢሮ የሚጻጻፈው በደብዳቤ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።»

ደብዳቤ ደግሞ ያለ ቲተር ወረቀት ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ እትዬ ሉባባ ከሺፍት ስትወጣ አርትስ ዲስትሪክት ወሰደችን፤ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት በር ላይ ፓርክ አደረገች። አባባ ሰይድ ለዚህ ጉዳይ ኮት ለብሰዋል። አንገቱን የተነቀሰው ልጅ የአማርኛውን ጽሑፍ ከስልኬ ላይ ተቀብሎ ላዩ የት፣ ታቹ የት እንደሆነ ጠየቀን። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ ሰይድ እንድሪስ፣ የቀድሞ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ።

«አባዬ፣ እዚህ ማን ያውቃል? ጸሐፊ ብቻ ቢል ይበቃል» አለች እትዬ ሉባባ። «ደግሞ ቦታውም አይበቃም።»

«ፊደሉን ያሳንሰው። ማህተሙን ያስረከብኩት ፈርሜ ነው፤ ቁልፉንም፣ ጠረጴዛውንም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። እኔ ተሾሜም አልበላሁ፣ ተሽሬም አልቆጨኝ።» ይህን ሲሉ ጮክ ብለው ነበር፤ የተነቀሰው ልጅ ሳይቀር ቀና ብሎ አያቸው።

ደብዳቤውን አራት ቀን ጻፍነው። እሳቸው ያስጽፋሉ፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ «ጉዳዩ፦ የላይ አምባ ውሃ ከፋች ማንነት እንዲገለጽልን ስለመጠየቅ» አለው። በትሕትና እንጠይቃለን አለው። ስለ ባለ አምስት ልጁ አባት ጤንነትም አንድ አንቀጽ አለው። ከታች «ግልባጭ፦ ለሚስ ኬሊ፣ ለፋይል» አለው። የአማርኛውን ፈረሙበትና ቲተሩን እፍ ብለው መቱት። ቀለሙ ሲደርቅ ሁለታችንም አጎንብሰን እናሸተው ነበር።

የእንግሊዝኛው ትርጉም የእኔ ሥራ ነው። ፎቅ ላይ ወጥቼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ መተየብ ጀመርኩ። እማዬ ከኋላዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋለች፤ ሙዚቃው ይጫወታል። ሁሉንም በታማኝነት ተረጎምኩ። መጨረሻ ላይ ፊርማው ጋ ደረስኩ። የቀድሞ። ሙዚቃው ይጫወታል። ለቀድሞ ሰው ማን መልስ ይሰጣል? መልስ ካልመጣ ስድስተኛን ከኢምራን ጋር ነው። ቃሉን ዘለልኩት። አባባ ሰይድ እንግሊዝኛ ብዙ አያነቡም፤ በእንግሊዝኛው ስር አምነውኝ ፈረሙ፣ ፖስታውንም ራሳቸው አሸጉ። እኔም ያን ሌሊት ያለ ሐሳብ ተኛሁ፤ እውነቱን መናገር ካለብኝ ኩራትም ቢጤ ተሰምቶኛል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሚስ ኬሊ የመጨረሻውን ቀን በጥር የመጨረሻው ዓርብ አድርጋዋለች። የክፍሌ ልጆች አንድ በአንድ መልስ ያመጣሉ፤ አንዱ ከደሴት፣ አንዷ ከበረሃ፣ ሁሉም በኢሜይል፣ በአንድ ቀን። እኔ ካሜራዬን አብርቼ «የእኔ በፖስታ ነው» እላለሁ። በየቀኑ ፖስታ የምታድለው ሴትዮ ስትመጣ አባባ ሰይድ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ሴትዮዋ ከሩቅ በእጇ «የለም» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም እንደ ባለሥልጣን ራሳቸውን ነቅንቀው ይቀመጣሉ።

«አብሽሪ» ይሉኛል። «ቢሮ እስኪያጣራ ጊዜ ይወስዳል። ቶሎ ከመጣ ሳያጣሩ የጻፉት ነው።»

መልሱ የመጣው ዓርብ ሊሆን አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ነው። ወፍራም ነጭ ፖስታ፣ ተራራ ያለበት ቴምብር። ሴትዮዋ ከመኪናዋ ወርዳ በእጃቸው ሰጠቻቸው። አባባ ሰይድ ወዲያው አልከፈቱትም። ገልብጠው አዩት፣ በብርሃን አዩት፣ ከዚያ በኪስ ቢላዋቸው ጠርዙን ቀደዱት። ውስጡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ክብ ማህተም አለው።

«ይሄ ቢሮ ነው!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «አንብቢ።»

እኔ አራተኛው እርከን ላይ ቆሜ እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። የላይ አምባ ጸሐፊ ሴት ናት። ስለ ጥያቄው አመስግናለች። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ደርሷቸው አያውቅም። ውሃቸውን የሚጠብቅ አንድ ሰው አላቸው፤ ምንጮቹን የሚያጸዳ፣ ቧንቧ የሚጠግን፣ በክረምት ደግሞ በረዶውን ከመንገድ የሚጠርግ እሱ ነው። ታዋቂዎቹ ውስጥ ማንም አልጻፈውም። ደብዳቤያችንን ስታሳየው ኮፍያውን አውልቆ ሁለት ጊዜ አነበበው። ስለ አምስቱ ሰዎች ደግሞ፣ የአንድ አባት ልጆች አይደሉም፤ እነሱ ዘንድ ሁለተኛው ስም ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እንደ ቤት ይወረሳል።

አባባ ሰይድ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እኔ ደግሞ ዱዓ አድርጌለት! በይ ከላይ ጀምሪው፣ አርዕስቱን አላነበብሽም።»

አርዕስቱን ሆን ብዬ ነበር የዘለልኩት። «ለአቶ ሰይድ እንድሪስ» አልኩ፤ የሌለውን ቃልም ከራሴ ጨመርኩበት፤ «ለቀድሞ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ።»

«ስጪኝ።»

መነጽራቸውን አድርገው ጣታቸውን በመስመሩ ስር አስኬዱ። እትዬ ሉባባ የሥራ አጥ ፎርም ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃል ያስተረጎሟት እሳቸው መሆናቸውን ረስቼ ነበር።

«የቀድሞ፣ ፎርመር የሚለው እዚህ የለም» አሉ። «እነሱ ሳቱ ወይስ አንቺ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን አላደረም፣ እዚያው ጠራ። ሁሉንም ነገርኳቸው። የእማዬን ስልክ፣ ሙዚቃውን፣ ኢምራንን፣ ስድስተኛ ክፍልን። አለቀስኩ። እሳቸው አልተቆጡም፤ ብትር ቢያነሱ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ስማቸው ያለበትን መስመር በአውራ ጣታቸው ይዳብሱ ነበር። ከስሙ ቀጥሎ «ውድ የሥራ ባልደረባዬ» ይላል። ያን ያህል ጊዜ አንድ መስመር ላይ የሚቆይ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ይታረማል» አሉ በመጨረሻ። «ወረቀት አምጪ።»

አስጻፉኝ። «ጉዳዩ፦ ስህተትን ስለማረም። ቀደም ሲል በላክነው ደብዳቤ ትርጉም ላይ የቀድሞ የሚለው ቃል በመዘለሉ፣ እኔ ፈራሚው በአሁኑ ጊዜ በማናቸውም ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሥልጣንም ሆነ ኃላፊነት የሌለኝ መሆኔን…» እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ። «ኧረ አባባ፣ ይሄን እንኳን እንተወው» አልኳቸው። «ጻፊ» አሉ። ጻፍኩ። ተረጎምኩም፣ በዚህኛው አንድም ቃል ሳልዘል። «ግልባጭ፦ ለሚስ ኬሊ። ዓርብ ዕለት አንቺው ታነቢላታለሽ።»

«ካነበብኩላት ልትጥለኝ ትችላለች እኮ!»

«ትችላለች» አሉ። «የምትቀጪው አንቺ ነሽ፣ የምታነቢውም አንቺ ነሽ።»

ዓርብ ካሜራዬን አበራሁ። ኢምራን ከጠረጴዛው ስር የግራ እግሬን አቅፎ ተቀምጧል። ስለ ላይ አምባ ተናገርኩ፤ ስለ ሸርታቴው፣ ስለ ሰዓሊው፣ ኮፍያውን ስላወለቀው ውሃ ጠባቂ። ደብዳቤውን ካሜራው ፊት ያዝኩት፤ ማህተሙን ሲያዩ ልጆቹ «ዋው» አሉ። እዚያ ላይ ባቆም ምንም አልነበረም። ከታች ያለው የአባባ ሰይድ ወንበር ሲንቋቋ በመስኮቱ ተሰማኝ። ማረሚያውን አወጣሁና አነበብኩት። አንድ ልጅ ሳቀ። ሚስ ኬሊ መነጽሯን አወለቀች።

«ይህን እንድታነቢ ያዘዘሽ ማን ነው?» አለችኝ።

«ጸሐፊው» አልኩ። «የቀድሞው።»

ግልባጩ በስሟ ስለሆነ ለራሷ እንድልክላት ጠየቀችኝ። ደህና ማርክ አልሰጠችኝም፤ ለዘለልኩት ቃል ቀነሰችብኝ። ግን አሳለፈችኝ። እማዬ እልል ስትል ኢምራን ደንግጦ አለቀሰ።

ያን ቀን ከሰዓት አባባ ሰይድ ኮታቸውን ለበሱ። ማረሚያው ታሽጓል፣ ቴምብሩም ተለጥፏል። እኔ ልውሰደው ብላቸው «ይሄን ራሴ ነኝ የማደርሰው» አሉ። ከበረንዳው ላይ ሆኜ አየኋቸው፤ የታሰረውን ገንዳ አልፈው፣ በፖስታ ሳጥኖቹ በኩል ታጠፉ። ቆዩ። ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን ነቅንቀው «ተፈጸመ» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ቀጥ ያለ የለም ብዬ አመንኩ፤ ለብዙ ዓመትም ስዋሽ የሚይዘኝ የእሳቸው ፊት ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ወር የከፈትኩት ቆርቆሮ ይህ ነው። ላዩ ላይ ቲተሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ከስሩ ፋይሉ፣ በክር የታሰረ። ክሩን ፈታሁ። ቁጥር አንድ፣ የላክነው ደብዳቤ ግልባጭ፣ በእኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ፊደል። ቀጥሎ የላይ አምባ መልስ፤ ስማቸው ያለበት መስመር በጣት ብዛት ፈዟል። ቀጥሎ የማረሚያው ግልባጭ። ከሁሉም ስር አንድ ፖስታ አለ።

ግልባጭ ፖስታ ውስጥ አይገባም። ገለበጥኩት። ታሽጓል። ቴምብሩ ላይ የፖስታ ቤት ምልክት የለም። አድራሻው ሊክተንስታይን ይላል፣ በእኔው ጽሑፍ። ኮቱ የውስጥ ኪስ እንደነበረው ያን ጊዜ አላሰብኩም።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔን በሃያ ስምንት ልጅ ፊት እያንዳንዷን ቃል ያስነበቡኝ ሰውዬ! መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እውነቴን ነው የተናደድኩት። ከዚያ እትዬ ሉባባ ገብታ «ምን አገኘሽ?» ስትለኝ አሳየኋት። ነገሩን ስነግራት አንሶላ የሌለው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በሳቅ ወደቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት።

«አልቆጨኝም ሲል የነበረው አባቴ» አለች።

ስለዚህ እዚያ ተራራ ላይ፣ አንድ የፋይል ሳጥን ውስጥ፣ አባባ ሰይድ እስካሁን የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ማንም አልሻራቸውም።

እትዬ ሉባባ ፊቷን በመዳፏ ጠራረገችና ፖስታውን ከእጄ ወሰደች። «አሁን ምን ይሁን? አዲሱ ቤት ጋ ፖስታ ቤት አለ። ስንሄድ ልንጥለው እንችላለን።»

ተቀበልኳት። ወደ ነበረበት ቦታ መለስኩት፣ ክሩንም እሳቸው እንዳስተማሩኝ ሁለት ዙር አድርጌ አሰርኩት።

«ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» አልኳት።